ደረጃውን አንድ በአንድ የወጣው ቋንቋ ተማሪ፤ የፔድሮ ፓኤዝ ሕይወት

ለዚህ እትም ያቀረብኩላችሁ የአንድ ቋንቋ ተማሪ የሕይወት ታሪክ ነው። ሰውየው ከሞተ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ ፔድሮ ፓኤዝ ይባላል። አብዛኞቻችን ስሙን የምናውቀው በታሪክ ክፍለ ጊዜ ነው። ዓፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ያስገባ ሚሲዮናዊ ተብሎ ይጠቀሳል፤ አንዳንዴም የዓባይን ምንጭ አይቶ የጻፈ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ብዙም አይነሳም። እኔን ግን ታሪኩን ሳነብ ከሁሉም በላይ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከተማሪነት አልወጣም። አፉን በስፓኒሽ ፈትቶ ፖርቱጋልኛን፣ ዐረብኛን፣ ግዕዝንና አማርኛን አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ ተምሯል። የደረሰበት ሁሉ፣ ክብሩም ሆነ መከራው፣ ከዚህ ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው።

እኛ ቋንቋ የምናጠና ልጆች ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀን አንድ ጥያቄ አለ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል፣ ከዚያም ኮሌጅ ገብተን የውጭ ቋንቋ ደረጃ በደረጃ ስንማር ከርመን፣ አፋችንን ለመክፈት ለምን እንፈራለን? ደግሞስ ቋንቋ ተማርን ማለት ምን ማድረግ ቻልን ማለት ነው? የፓኤዝ ሕይወት ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ የሚሆን ነገር አለው ብዬ አምናለሁ።

ስፓኒሽ በልደታ

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ ስፓኒሽ ጥቂት ልበል፤ የፓኤዝ ጉዞ የተነሳው ከዚያ ነውና። እኔ የልደታ ልጅ ነኝ። ለእኛ ሰፈር ሰው ስፓኒሽ ጨርሶ እንግዳ ቋንቋ አይደለም። ከልደታ ብዙ ሳይርቅ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የትግላችን ሐውልት አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመረቀ ሲሆን፣ በኦጋዴን ጦርነት ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈው የወደቁ ኩባውያንን ጭምር ያስታውሳል። ከዚያ ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በጦርነቱ ያጡ፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ወደምትባለው የኩባ ደሴት ተልከው ተምረዋል። ስፓኒሽን ከፊደሉ ጀምረው፣ ክፍል በክፍል እየወጡ፣ በኋላ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በዚያው ቋንቋ ተምረው ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው የተመለሱ አሉ።

በሰፈራችንም ኩባ የተማሩ አንድ ጋሼ አሉ። ለሰፈሩ ልጆች መጀመሪያ ያሳዩን የግሥ እርባታ ነው። በስፓኒሽ እናገራለሁ ለማለት አብሎ፣ ትናገራለህ ለማለት አብላስ፣ ይናገራል ለማለት አብላ ይባላል። እኔ፣ አንተ፣ እሱ እያሉ መደርደር የግድ አይደለም። ልክ እንደ አማርኛችን ባለቤቱን ግሡ ራሱ ይነግረናል። አንተ ለማለት ቱ፣ እርስዎ ለማለት ኡስቴድ የሚል የአክብሮት ልዩነትም አለው። አናባቢዎቹ አምስት ብቻ ናቸው፤ ከሞላ ጎደል እንደተጻፈ ይነበባል። እንግዲህ አማርኛ ተናጋሪ ስፓኒሽ ሲጀምር ሙሉ በሙሉ ባዶ እጁን አይደለም። ስፔናዊም አማርኛ ሲጀምር እንደዚያው ነው። ፓኤዝ ግን አማርኛ ጋ ለመድረስ ሌሎች ቋንቋዎችን ማለፍ ነበረበት።

ከኦልሜዳ እስከ ጎዋ

ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1564 ከማድሪድ ብዙም በማትርቅ ኦልሜዳ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን መንደሯ የሽንኩርቷ ኦልሜዳ ትባል ነበር፤ ዛሬ ስሟ ተለውጦ የምንጮቹ ኦልሜዳ ሆኗል። የዓባይን ምንጭ ላየ ሰው የትውልድ መንደር መቼም የሚገጥም ስም ነው። በ1582 የኢየሱሳውያን ማኅበር ገባ፤ በ1588 ደግሞ ወደ ህንድ፣ ወደ ጎዋ ተላከ።

የመጀመሪያው ደረጃ እዚህ ላይ ይመጣል። የምሥራቁ ሚሲዮን የሚተዳደረው በፖርቱጋል ዘውድ ሥር ስለነበር የሥራ ቋንቋው ፖርቱጋልኛ ነው። ስፓኒሽና ፖርቱጋልኛ እህትማማች ቋንቋዎች ናቸው፤ ስለዚህ ቀላል ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን የሚመሳሰል ቋንቋ የራሱ ወጥመድ አለው። ግዕዝ ስናነብ አማርኛ የመሰለንን ቃል በአማርኛ ፍቺው ወስደን እንደምንሳሳተው ማለት ነው። ፓኤዝ እስከ ዕድሜው መጨረሻ በፖርቱጋልኛ ሲጽፍ ስፓኒሹ ጣልቃ ይገባበት እንደነበር ጽሑፉን ያጠኑ ምሁራን አሳይተዋል። ይህ ግን ትልቅ መጽሐፍ በዚያ ቋንቋ ከመጻፍ አላገደውም። ፍጹም እስክሆን ልጠብቅ ቢል ኖሮ አንድ ገጽም ባልተወልን ነበር።

ምርኮ የሆነው ትምህርት ቤት

በ1589 ፓኤዝና በዕድሜ የሚበልጠው ባልደረባው አንቶኒዮ ሞንሴራቴ ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄዱ ታዘዙ። ቀይ ባሕር በኦቶማን ቱርኮች እጅ ነበርና አርመናውያን መስለው ተጓዙ። አልተሳካም። በ1590 በዶፋር ጠረፍ አጠገብ ተያዙ። ከዚያም ሐድረመውትን አቋርጠው ወደ ሰንዓ ተወሰዱ። ከስድስት ዓመት በላይ በምርኮ ቆዩ፤ ለተወሰነ ጊዜም ሞካ ወደብ ላይ በመርከብ ቀዛፊነት በሰንሰለት ታስረው ሠሩ። ቡናን ቀምሰው ስለ ቡና ከጻፉ የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን አንዱ ፓኤዝ ነው የሚባለውም ከዚሁ ጉዞ የተነሳ ነው።

ዐረብኛን የተማረው በእነዚህ ዓመታት ነው። እንደ እኛ ሴሚስተር የለ፣ የተመደበ ክፍል የለ፣ የትምህርት ማስረጃ የለ። ውኃ ለመጠየቅም፣ ሕመሙን ለማስረዳትም ቋንቋው ያስፈልገዋል። እርግጥ ነው፣ ለስፔን ሰው ዐረብኛ ጨርሶ ባዳ አይደለም። የመጨረሻው የሙስሊሞች መንግሥት በስፔን ምድር የወደቀው በ1492 ሲሆን፣ ፓኤዝ የተወለደው ከዚያ 72 ዓመት በኋላ ነው። ስፓኒሽ እስከ ዛሬ ከዐረብኛ የወሰዳቸው ብዙ ቃላት አሉት። ስኳርን አሱካር፣ ዘይትን አሴይቴ ይሉታል። እኛም ስኳርና ዘይት ስንል ከዚያው ምንጭ እየቀዳን ነው። ቃላቱ ግን መነሻ እንጂ ቋንቋ አይሆኑም፤ የቀረውን የሞላው በዓመታት ልምምድ ነው።

በ1596 ቤዛ ተከፍሎለት ወደ ጎዋ ተመለሰ። ሞንሴራቴ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1600 ሞተ። ፓኤዝ ግን ያንን ሁሉ መከራ አይቶም እንደገና ልሂድ አለ። በዚህኛው ጉዞ የምርኮው ዐረብኛ ጠቀመው። ከአንድ የቱርክ ሹም ጋር ተግባብቶ፣ አርመናዊ መስሎ፣ በሰላም ምፅዋ ገባ። የተያዘበት ምድር ቋንቋ የማለፊያ ወረቀት ሆነለት ማለት ነው።

ፍሬሞና፤ በአንድ ጊዜ ተማሪና አስተማሪ

በግንቦት 1603 ፓኤዝ ዐድዋ አጠገብ ካለችው ፍሬሞና ደረሰ። ፍሬሞና ኢየሱሳውያን ከእሱ በፊት የሰፈሩባት ቦታ ናት፤ ከእሱ ቀድሞ የመጣው ስፔናዊው ጳጳስ አንድሬስ ዴ ኦቪዬዶም በ1577 የሞተው እዚያው ነው። ፓኤዝ እንደደረሰ ሁለት ቋንቋ ከፊቱ ቆመ። መጻሕፍቱ ሁሉ የተጻፉት በግዕዝ ነው። ቤተ መንግሥቱና ሠራዊቱ የሚነጋገሩት ደግሞ በአማርኛ ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይቻልም። ግዕዝ ብቻ ቢያውቅ ከመጽሐፍ ጋር እንጂ ከሰው ጋር አይነጋገርም፤ አማርኛ ብቻ ቢያውቅ ሊቃውንቱ ፊት ቆሞ መከራከር አይችልም።

እዚህ ላይ ዐረብኛው በሁለተኛ መልኩ የሚያገለግል ነበር። ዐረብኛ በይት የሚለውን ግዕዝ ቤት ይለዋል። ሊሳን የሚለውን ግዕዝ ልሳን ይለዋል። ውሻን ዐረብኛ ከልብ ሲል ግዕዝም ከልብ ይላል። ሥርወ ቃሉ፣ የግሡ አወራረድ፣ በጉሮሮ የሚወጡት ድምፆች፣ ይህ ሁሉ ዐረብኛ ለሚያውቅ ሰው ግማሽ መንገድ ነው። በቀጥታ ከስፔን የመጣ ሰው ያንን ሁሉ እንደ አዲስ ይጀምር ነበር። አማርኛ ደግሞ ግሡን ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣልና፣ ግዕዝና ዐረብኛ ለለመደ ሰው እንኳ ሌላ ፈተና አለው።

ፓኤዝ እየተማረ ያስተምር ነበር። የኢየሱሳውያኑ የሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ በመምህርና በደቀ መዝሙር ምልልስ የተዘጋጀ ነው። መምህሩ ይጠይቃል፣ ልጁ ይመልሳል። ፓኤዝ ይህንን ወደ አማርኛ አስመልሶ በፍሬሞና ሕፃናትን በጥያቄና መልስ ያለማምድ ጀመር። ነገሩ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርታችንም በቃል በማጥናትና በደረጃ የሚሄድ ነው። ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት፣ ከዚያ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት ይኬዳል። ንባብ ያልጨረሰ ልጅ ቅኔ ልቁጠር ቢል ማን ይሰማዋል?

የልጆቹ ዝና ዓፄ ዘድንግል ዘንድ ደረሰ። በ1604 ፓኤዝ ወደ ቤተ መንግሥት ተጠርቶ ሲሄድ ልጆቹን ይዞ ሄደ። ልጆቹም በንጉሡና በመኳንንቱ ፊት ጥያቄና መልሱን ተለዋወጡ። አስቡት፤ ንጉሥን ያስደነቀው የሊቃውንት ንግግር ሳይሆን የሕፃናት የቋንቋ ልምምድ ነው። ኢትዮጵያ ከገባ ገና አንድ ዓመት ያህሉ ነበር።

የቸኮለው ንጉሥና ጎርጎራ

ዓፄ ዘድንግል ወዲያው ወደ ካቶሊክነት ለመግባት አሰቡ፤ ቀዳሚት ሰንበት እንዳይከበርም አዋጅ አስነገሩ። ፓኤዝ ቀስ እንዲሉ መክሯቸው እንደነበር ተጽፏል። አልሰሙም። ዐመፅ ተነሳባቸው፤ በዚያው በ1604 በጦር ሜዳ ተገደሉ። ፓኤዝ ከዚህ ምን እንደተማረ ቀጥሎ ባሉት ዓመታት አካሄዱ ላይ ይታያል።

በ1607 ዓፄ ሱስንዮስ ተቀናቃኛቸውን ያዕቆብን ድል አድርገው ነገሡ። ፓኤዝንም አቀረቡት፤ በጣና ሐይቅ ዳር በጎርጎራ መሬት ሰጡት። ከዚያ በኋላ ፓኤዝ አሥራ አምስት ዓመት ያህል በዚህ ንጉሥ ዙሪያ ኖረ። በቤተ መንግሥት ከሊቃውንቱ ጋር ተከራከረ፤ የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስን የመሰሉ ትላልቅ ሰዎች ወደ እሱ ወገን መጡ። በጎርጎራም በድንጋይ ቤት አሠርቷል፤ ለግንበኞቹ መሣሪያውን ሳይቀር እያሳየ ያሠራ ነበር ይባላል።

ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ሆኖ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ደረሰና ምንጩን አየ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እዚያ የደረሰው በ1770፣ ማለትም ከ152 ዓመት በኋላ ነው። ብሩስ የፓኤዝን ቀዳሚነት ለማስተባበል ብዙ ቢደክምም አልሆነለትም። ለእኔ ግን ከሁለቱ ማን ቀደመ ከሚለው ይልቅ፣ ፓኤዝ እዚያ ሲቆም የአገሩን ሰው በአገሩ ቋንቋ ማነጋገር መቻሉ ይበልጥብኛል።

በስፓኒሽ ለተጻፈ ልብ ወለድ በፖርቱጋልኛ የተሰጠ መልስ

በ1610 በስፔን ቫሌንሲያ ከተማ ሉዊስ ዴ ኡሬታ የሚባል መነኩሴ ስለ ኢትዮጵያ አንድ ትልቅ መጽሐፍ በስፓኒሽ አሳተመ። ሰውየው ኢትዮጵያን በእግሩ ረግጦ አያውቅም። መጽሐፉም በተአምርና በሀብት የተሞላ፣ ከእውነታው የራቀ ነበር። ፓኤዝ የኢትዮጵያ ታሪክ የተሰኘውን ባለ አራት ክፍል መጽሐፉን የጻፈው በአብዛኛው ይህንን ለማረም ነው። የሚገርመው፣ ስለ አገራችን ተረት የተጻፈው በፓኤዝ አፍ መፍቻ ቋንቋ ሲሆን፣ መልሱን ግን ስፔናዊው ራሱ የጻፈው በተማረው ቋንቋ በፖርቱጋልኛ መሆኑ ነው።

የግዕዝ ትምህርቱ ፍሬ የሚታየው እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ፓኤዝ የነገሥታቱን ዝርዝር፣ ከዜና መዋዕሎቻቸው የወሰዳቸውን ክፍሎች፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድልና የንግሥተ ሳባን ታሪክ ከግዕዝ መጻሕፍት ተርጉሞ አስገብቷል። በሃይማኖት ነገር ከእኛ ሊቃውንት ጋር አይስማማም፤ በብዙ ቦታም ይነቅፋቸዋል። ይሁን እንጂ ምን እንደሚሉ ከመጽሐፋቸው አንብቦ ነው የሚከራከረው። መጽሐፉ በሕይወት ሳለ አልታተመለትም። በሮም ታትሞ የወጣው በ1905 እና 1906 ነው፤ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ደግሞ በ2011 ወጥቷል።

ደረጃውን የዘለሉት

በ1622 ዓፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት በጎርጎራ በትኩሳት ሕመም ሞተ። ዕድሜው 58 ገደማ ነበር።

በ1625 ፖርቱጋላዊው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ መጣ። ፓኤዝ ፍሬሞና ከገባ አንሥቶ የንጉሡ ይፋ አዋጅ እስኪወጣ ድረስ 19 ዓመት አልፎ ነበር። ሜንዴስ ግን በመጣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በ1626 ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማ ፓፓ በይፋ እንዲምሉ አደረገ። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ ጾሙና ሥርዓቱ ይለወጥ ተባለ። አገሩ በዐመፅ ተናጠ። በሰኔ 1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ብቻ ወደ 8,000 የሚጠጉ ዐማፅያን እንደሞቱ ይነገራል። በጦርነቱ ያሸነፉት ሱስንዮስ ራሳቸው ያንን ካዩ በኋላ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነግረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑም ብዙም ሳይቆዩ ከአገር ተባረሩ።

እንግዲህ እኔ ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ይህን ታሪክ ሳነብ፣ ይህ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል ወይ የሚለው ጥያቄ አስቸግሮኛል። ፓኤዝ ቋንቋችንን የተማረው ለፍቅሩ ብቻ አልነበረም፤ ሃይማኖታችንን ለማስለወጥ ነው። ያ ዓላማ ባይኖር ከእሱ ሞት በኋላ የፈሰሰው ደምም ላይፈስ ይችል ነበር። ይህንን መሸፋፈን አያስፈልግም። በሌላ በኩል ግን ቋንቋ መማሩ በራሱ ያስገደደው ነገር አለ፤ መስማት። የሰውን ቋንቋ ደረጃ በደረጃ የሚማር ሰው ዓመታቱን ሙሉ ያዳምጣል፣ ይታረማል፣ ይጠይቃል። ፓኤዝ ለንጉሥ ቀስ ይበሉ ለማለት የበቃው እየሰማ ስለኖረ ይመስለኛል። ከሱ በኋላ የመጣው ሥልጣን ይዞ እንጂ ያንን የመስማት ዓመት ይዞ አልመጣም።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው። ትጋቱ ይመሰገን፤ ዓላማው ደግሞ ይመርመር። ቋንቋ በር ይከፍታል። ከገቡ በኋላ የሚሠራው ሥራ ግን በራሱ ሚዛን ይመዘናል። እኛም ነገ ተርጓሚ፣ አስተማሪ፣ ጋዜጠኛ ስንሆን ይኸው ጥያቄ ይጠብቀናል።

ለእኛ የሚጠቅመን

ከፓኤዝ ሕይወት ለክፍላችን ልጆች ሦስት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ደረጃ አንናቅ። ጀማሪ ተብሎ የተመደበ ሰው ተሰደበ ማለት አይደለም፤ ፓኤዝ በ39 ዓመቱ ፍሬሞና ላይ የግዕዝና የአማርኛ ጀማሪ ነበር። ሁለተኛ፣ የያዝነው ቋንቋ ለሚቀጥለው መሰላል ነው። ግዕዝ ያለው ዐረብኛ አይከብደውም፤ አማርኛ ያለውም የስፓኒሽን ግሥ ቶሎ ይለምዳል። ሦስተኛ፣ የተማርነውን ትንሽም ብትሆን ወዲያው ለሌላ እናስተምር። የፍሬሞና ልጆች ንጉሥ ፊት ሳይፈሩ የተናገሩት ጥያቄና መልሱን ደጋግመው ስለተለማመዱ ነው። እኛም በየክፍላችን ጥንድ ጥንድ ሆነን፣ አንዱ እየጠየቀ ሌላው እየመለሰ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ብንለማመድ ምን ይጎዳናል? ሐሳቡን የምትደግፉ ካላችሁ በትምህርት ክፍሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስማችሁን ጻፉ። ቸር እንሰንብት።